የኮምቢ ሞተርና የእንጦጦ ነፋስ

የካቲት 16 ቀን የኪዳነ ምሕረትን በዓል ለማክበር ወይም በጠበሏ ለመጠመቅ ወደ እንጦጦ የሚወጣ ምእመን ዳገቱ በከበደ መጠን ትንፋሹ እንደሚያጥረው ሁሉ፣ እሱን ይዞ የሚወጣው አሮጌ ኮምቢ ቮልስም ከኋላ የተሸከመው ባለ 1600 ሞተር ነፋስ ያጥረዋልና፣ ካርቡራተርና ዲስትሪቢውተር ልለውጥ ብሎ ያሰበ ባለ መኪና ከዕቃው ስምና ዝና አስቀድሞ የተራራውን ነፋስ ጠባይ ሊመረምር ይገባዋል።

ካርቡራተር፣ ነፋስ በጠባብ ጉሮሮው ሲያልፍ ቤንዚን እየሳበ፣ ሁለቱ በልክ ተዋሕደው ወደ ሲሊንደር እንዲገቡ የሚያደርግ መሣሪያ ሲሆን፣ የቤንዚኑን ምጣኔ የሚወስነው አንዲት ትንሽ የነሐስ ጄት ናት። በባሕር ጠረፍ የተለካው ይህ ምጣኔ ከፍታው ወደ 3,000 ሜትር በሚጠጋው እንጦጦ ይፋለሳል፤ የነፋሱ ግፊት ከጠረፉ 70 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ የጄቷ ቀዳዳ አይጠብምና፣ ሞተሩ ቤንዚን ይበዛበትና ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ጉልበቱም ይደክማል። በሶሌክስ 34 ካርቡራተር ጄት ላይ 127.5 የሚል ቁጥር ቢነበብ የቀዳዳዋ ስፋት 1.275 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው፤ ለዚህ ከፍታ 120 ወይም 117.5 የሚለው ይበልጥ ይስማማል። ፍርዱን ግን ካንዴላው ራሱ ይሰጣል፦ ተፈትቶ ሲታይ ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚኑ በዝቷል፣ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ልክ ነው፣ ከነጣ ግን ቤንዚኑ አንሷልና፣ በነፋስ ብቻ የሚቀዘቅዝ ይህ ሞተር ቫልቩን እንዳያቃጥል ያሰጋል። ወደ አዋሽ ቆላ የሚወርድም የቀድሞዋን ጄት መልሶ ያስገባ።

ሁለት ካርቡራተር ያለው ዌበር የሚያማልላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን የጉሮሮ መብዛት በተራራው ላይ የሌለውን ነፋስ አይፈጥርም፣ ሰው ሞልቶ በዝግታ ዳገት ለሚወጣ መኪናም የታደሰ አንድ ሶሌክስ ይበቃዋል ብዬ አምናለሁ።

ገንዘቡ ይልቅ ለእሳቱ ቢውል ይሻላል። እሳቱን ለካንዴላዎቹ በሚያከፋፍለው ዲስትሪቢውተር ውስጥ ያለችው፣ ክፍተቷ 0.4 ሚሊ ሜትር ሊሆን የሚገባው ፑንቲና እየተበላች ልኳን ስለምትለውጥ፣ በዚያው ዲስትሪቢውተር ውስጥ የሚገጠም ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ በቦታዋ ቢተካ እሳቱ ጸንቶ ይኖራል፤ ቦቢናው ግን መሣሪያው የሚጠይቀው ኦም ያለው መሆኑ አስቀድሞ ይረጋገጥ። በርካሽ የሚገኘው 009 የተባለው ዲስትሪቢውተር ቫኪዩም ስለሌለው፣ ከአንድ ሶሌክስ ጋራ ሲገጠም ነዳጅ በተረገጠ ቅጽበት ሞተሩን ያንገራግረዋልና፣ ባለ ቫኪዩሙን መምረጥ ይበጃል። በሳሳ ነፋስ ውስጥ ቃጠሎው ስለሚዘገይ እሳቱን ጥቂት ማስቀደም ቢጠቅምም፣ ሞተሩ በፍጥነት ሲዞር ቅድሚያው ከ30 ዲግሪ አካባቢ እንዳያልፍ በታይሚንግ መብራት ይታይ።

እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ለአዲስ አበባ ቤንዚን ኤታኖል ይቀላቀልበት ስለ ነበር፣ ለዚህ ያልተሠራ የዱሮ የቤንዚን ጎማ (ቱቦ) በስብሶ ሊሆን ይችላል፤ ከእሱ የሚንጠባጠብ ቤንዚን እሳት ሊያስነሳ ይችላል፤ የሞተሩ አካልም ማግኒዥየም ያለበት ቅይጥ ነውና አንዴ ከተያያዘ ማጥፋቱ እጅግ ያስቸግራል። ስለዚህ ኮምቢ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ስለ ካርቡራተርም ስለ ዲስትሪቢውተርም ከመማከራችሁ በፊት፣ በዚህ ሳምንት የቤንዚኑን ጎማዎች ከነማሠሪያቸው አስለውጡ።