ሲሚንቶና የግንበኛ እጅ

በወንበርማና በቡሬ በርበሬ ሲለቀምና ሲቀነጠስ እጁ ያልተቃጠለ ሰው የለም። ቃጠሎው ወዲያው ይመጣል፣ ማንንም አይለይም፣ አድሮ ይለቃል። ከሽንዲ እስከ ፍኖተ ሰላም ግንባታ ባለበት ሁሉ የሲሚንቶ ቡኮ የሚያቦካውና ልስን የሚለስነው ሠራተኛ እጅ ላይ የሚወጣው ችፌ ግን ጠባዩ ሌላ ነው። አንዱን ይዞ አጠገቡ ያለውን ይተዋል፤ ለዓመታት ሲሚንቶ ሲነካ የኖረን ሰው ባልታሰበ ጊዜ ይጀምረዋል። ከጀመረው ወዲያ ጥቂት ቡኮ በነካ በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን በጣቶቹ መሐል ያሳክከዋል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ ይሰነጣጠቃል። ይህ አለርጂ ነው። «እጁ ለሥራ አልተፈጠረም» እየተባለ በሠራተኛው የሚላከከው ጥፋትም በአመዛኙ የከረጢቱ ነው።

እርጥብ ሲሚንቶ ቆዳን የሚጎዳው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ማንም የሚያውቀው ነው፤ ውሃ ሲነካው የፒኤች መጠኑ ከ12 በላይ ይሆንና ቆዳን ያደርቃል፣ ይልጣል፣ ሲብስም ያቃጥላል። ሁለተኛው ተደብቆ የሚሠራው ክሮሚየም ነው። በኖራ ድንጋይና በሸክላ አፈር ውስጥ በተፈጥሮ የሚገኘው ክሮሚየም ሙቀቱ 1,450 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በሚደርስ ምድጃ ሲያልፍ፣ ከፊሉ ሄክሳቫለንት ወደሚባለው፣ በውሃ ወደሚሟሟው ዓይነት ይለወጣል። ይህ በተላጠ ቆዳ በኩል ሰርጎ ከሰውነት ፕሮቲን ጋር ይጣበቃል፤ የቆዳ ጠባቂ ሴሎችም እንደ ባዕድ ቆጥረው መልኩን ለነጭ የደም ሴሎች ያስተዋውቃሉ። ነጭ የደም ሴሎቹ አንዴ ካወቁት አይረሱትም። በተነካ ቁጥር ተባዝተው እስኪደርሱ ግን አንድ ሁለት ቀን ስለሚፈጅባቸው ሠራተኛው ሕመሙን ከሲሚንቶው ጋር ሳያያይዘው ይቀራል፤ ውሃውን ወይም ሳሙናውን ይጠረጥራል። ሐኪም የሚለየው በጥቂት መጠን የተዘጋጀ ፖታሲየም ዳይክሮሜት ጀርባ ላይ ለ48 ሰዓት ለጥፎ፣ ከተነሣም በኋላ ለቀናት ቆዳውን ተከታትሎ ነው። የዚህ ምርመራ ጀማሪ እ.ኤ.አ. በ1895 ያቀረበው ጀርመናዊው ዮሴፍ ያዳሶን ነው።

«ጓንት ከተሰጠው ምን ቀረው?» የሚል አይጠፋም። በእርግጥም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የመከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ ያስገድዳል፤ መቅረብም አለበት። ነገር ግን ቡኮ የገባበት ጓንት እርጥቡን ቆዳው ላይ አፍኖ ስለሚያውል ከባዶ እጅ የባሰ ሊጎዳ ይችላል፤ አንዳንድ የጎማ ጓንት ደግሞ በሚሠራበት ኬሚካል የተነሣ የራሱን አለርጂ ያመጣል። ጠዋት ተቀጥሮ ማታ ሒሳቡን ለሚቀበል የቀን ሠራተኛ ልኩ የሆነ ጓንት እስኪመጣ መጠበቅም የቀን ገቢን ማጣት ነው። ስለዚህ መከላከሉ ከእጁ በፊት ከፋብሪካው ሊጀምር ይገባል።

ዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ1983 ያደረገችው ይህንኑ ነው፤ ፌረስ ሰልፌት ሲሚንቶው ላይ እንዲጨመር አዘዘች። ይህ ጤና ጣቢያ ለነፍሰ ጡር በሚሰጠው የብረት እንክብል ውስጥ ያለው ጨው ነው፤ ክሮሚየሙን በቀላሉ ወደማይሟሟው ዓይነት ይመልሰዋል። የግንባታ ሠራተኞች የክሮሚየም አለርጂም ከዚያ ወዲህ ቀነሰ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ውሃ የሚያሟሟው የሄክሳቫለንት ክሮሚየም መጠን ከሲሚንቶው ክብደት ከሚሊዮን 2 እጅ እንዳይበልጥ ደነገገ። ዋጋ ያስወድዳል የሚለው ክርክር ብዙ አያስኬድም፤ ጨዉ የሌሎች ኢንዱስትሪዎች ተረፈ ምርት ነው። የሚታመመው ጥቂት ሰው ነው የሚለውም ቢሆን፣ ለዚያ ጥቂት ሰው አለርጂው ዕድሜ ልክ የሚከተልና ሙያ የሚያስጥል መሆኑን ይዘነጋል። ጠንካራው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ጨዉ ቃጠሎውን አይከለክልም፣ አለርጂው አስቀድሞ የያዘውንም አያድንም፣ እርጥበት ሲያገኘውና ሲከርም ኃይሉ ይደክማል። በጎጃም ክረምት ለወራት መጋዘን የከረመ ሲሚንቶ ላይ ብዙም ላይተማመኑበት ይችላሉ። በአውሮፓ ከረጢቱ ላይ የታሸገበት ቀንና ጨዉ የሚሠራበት ጊዜ እንዲጻፍ ግዴታ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ የእኛም ገዢና ኮንትራክተር ከዋጋው ቀጥሎ ሊጠይቅ የሚገባው እነዚህን ነው።