ሞተር ልትገዙ ነው? መጀመሪያ ተቀመጡበት

ዛሬ የምጽፈው ስለ ስኳርም ስለ ደም ግፊትም አይደለም፤ ስለ ሞተር ሳይክል ነው። «ዶክተሩ ደግሞ ሞተር መሸጥ ጀመረ እንዴ?» የምትሉ አትጠፉም። ታግሳችሁ አንብቡኝ፣ የጤና ጉዳይ መሆኑ ይገባችኋል።

ባለፈው ጥቅምት የእህቴ ልጅ ደወለልኝ። የግብርና ባለሙያ ነው፣ አልጌ በኩል ተመድቦ ከቀበሌ ቀበሌ በእግሩ ይዞራል። «ጋሼ፣ እቁብ ወጣልኝ፤ ሞተር ልገዛ ነው። የቱ ይሻለኛል?» አለኝ። አፌ ላይ የመጣው ለሁሉም የምለው መልስ ነበር፦ «ሞተር የሚባል ነገር አትግዛ!» ግን ዋጥ አደረግኩት።

ምክንያቴን ልንገራችሁ። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ወጣት ለሌላ ሕመም መጥቶ ይህንኑ ጠይቆኝ ነበር። «ተው፣ ይቅርብህ» አልኩት። «እሺ ዶክተር» ብሎ ወጣ። ከአራት ወር በኋላ በቃሬዛ ተመለሰ። ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተሰብሮ አጥንቱ ወጥቷል፣ ቁስሉ ውስጥ የኛው ቀይ ጭቃ ተጠቅጥቋል። ቁጭ ብዬ ስጠይቀው ሞተሩ ለቁመቱ የማይሆን ነበር፤ ሲቆም መሬት የሚነካው በጣቱ ጫፍ ብቻ ነው። የፊት ፍሬኑን ደግሞ «ይጥልሃል» ብለውት አስፈትቶታል። ሄልሜቱ ቤት ተሰቅሏል። እግሩ ባይቆረጥም እስከ ዛሬ ያነክሳል። ያን ቀን «ተው» ብዬ ከምሸኘው አሥር ደቂቃ ወስጄ ስለ ቁመቱና ስለ ፍሬኑ ብነግረው ኖሮ ምን ነበረበት? እሱ ረስቶት ይሆናል፣ እኔ አልረሳሁትም።

ለነገሩ «አትግዙ» ማለት እዚህ አገር ምን ዋጋ አለው? ከመቱ ወደ ጎሬ፣ በሌላው በኩል ደግሞ በሁሩሙና በያዮ ወደ በደሌ አስፋልት አለ። ከአስፋልቱ ወጣ ስትሉ ግን ዝናቡ ብዙውን የዓመቱን ወር አይለቅም፤ መኪና የማይገባበት ቀበሌ ሞልቷል። ምጥ የያዛትን እናት አስፋልት ድረስ የሚያደርሳት ሞተር ነው፣ ክትባት የሚያደርሰውም እሱ ነው። ቡና ተለቅሞ ሲሸጥ ደግሞ ብዙ ወጣት ብሩን ይዞ በቀጥታ ሞተር ተራ ነው የሚሄደው። ስለዚህ የእህቴን ልጅ «ቅዳሜ መቱ ና፣ አብረን እንመርጣለን» አልኩት።

ሱቅ ስንገባ ሻጩ ስለ ጉልበቱ ሊያስረዳን ጀመረ። «ቆይ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ልጁ ይቀመጥበት» አልኩ። ሁልጊዜም ከዚህ ጀምሩ። ለሥራ የምታደርጉትን ጫማ አድርጋችሁ ተቀመጡ። የሁለቱም እግራችሁ የፊተኛው ግማሽ መሬት መርገጥ አለበት፤ ሙሉ መዳፉ ቢረግጥ ደግሞ የተሻለ ነው። ጀማሪ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚወድቀው ሲበር አይደለም፤ ሊቆም ሲል ወይም ቀስ ብሎ ሲዞር ነው። ትንሽ የምትባለው ሞተር ራሷ ከመቶ ኪሎ በላይ ትመዝናለች። አንድ እግር ድንጋይ ላይ ቢንሸራተት ያ ሁሉ ብረት የሚያርፈው ቁርጭምጭሚት ላይ ነው። በሱቁ ሲሚንቶ ላይ የደረሰ እግር ደግሞ በቦረቦረው የገጠር መንገድ ላይ ላይደርስ ይችላል፣ እሱንም አስቡ። ከዚያ መሪውን ያዙ። ክርናችሁ ትንሽ መታጠፍ አለበት፣ ጣቶቻችሁ ደግሞ ሳትንጠራሩ ፍሪሲዮኑና ፍሬኑ ላይ መድረስ አለባቸው። እጅ የሚያደነዝዝ፣ ወገብ የሚያሳምም ሞተር ከአንድ ሰዓት መንገድ በኋላ አእምሮንም ያደክማል።

ልጁ የፈለገው 150 ሲሲ ነበር። «መቶው ዳገት አይወጣም ጋሼ» ይለኛል። እኛ ጋ በብዛት የምታዩት የባጃጅ ቦክሰር መቶው ወደ 8 የፈረስ ጉልበት አለው፣ 150ው ደግሞ ወደ 12። ልዩነት አለው፣ አልክድም። ነገር ግን የእኛ ልጅ 58 ኪሎ ነው፣ የሚጭነውም አንድ ቦርሳ ነው። ለብቻው ለሚሄድ ጀማሪ ከ100 እስከ 125 ሲሲ ይበቃል ባይ ነኝ፤ ዳገቱን በዝቅተኛ ማርሽ ቀስ ብሎ ይወጣዋል። ሰውና ኩንታል የሚጭን ሰው 150 ቢያስፈልገው አይፈረድበትም፣ እሱም ቢሆን መጀመሪያ በትንሿ ይልመድ። ብራንድ አልመርጥላችሁም። ቦክሰር ይሁን ቲቪኤስ ወይም የቻይና፣ መለዋወጫው በምትኖሩበት ከተማ መኖሩን፣ የሚያውቀው መካኒክ መኖሩን ጠይቁ። ኤሌክትሪኩንም የምታስቡ አላችሁ፤ የምታድሩበት ቀበሌ መብራቱ ስንት ቀን እንደሚጠፋ ቆጥራችሁ ወስኑ። አሮጌ ከሆነ የምትገዙት፣ የቻንሲው ቁጥር ከሊብሬው ጋር አንድ መሆኑን እዩ፤ ከፊት ቆማችሁም የፊትና የኋላ ጎማው በአንድ መስመር መሆኑን ተመልከቱ። አንዴ ተጋጭቶ የተጣመመ ሞተር በቀለም ይደበቃል፣ ወደ አንድ ጎን መሳቡን ግን አይተውም።

አሁን ወደ ፍሬን እንምጣ፣ በጣም የሚያናድደኝ እሱ ነው። «የፊት ፍሬን ይጥላል» የሚባለውን ያልሰማ የለም። ይጥላል፤ በድንገት ሙሉ በሙሉ ከጨበጣችሁት፣ በተለይ ጠጠርና ጭቃ ላይ፣ ይጥላል። ግን ሞተር ሲቆም ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ነው የሚሄደው፤ ደረቅ መንገድ ላይ አብዛኛውን የማቆም ጉልበት የሚሰጠው የፊቱ ፍሬን ነው። እሱን ማስፈታት ማለት ከዋናው ፍሬን ውጪ መንዳት ማለት ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስትነዱ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ወደ 17 ሜትር ትሄዳላችሁ። ከጫካው ዝንጀሮ ብቅ ቢል፣ አይታችሁ ጣታችሁ ፍሬኑ ላይ እስኪደርስ ያ ሰከንድ አልቋል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ደግሞ ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ አታስፈቱት፣ ተለማመዱት፦ በሁለት ጣት፣ ቀስ በቀስ እያጠበቃችሁ፣ ከኋለኛው ጋር አብራችሁ።

የኛ አገር ቁልቁለት ሌላ ነገር ይጨምራል። ጎሬ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር ላይ ነው ያለው፣ ጋምቤላ 500 ገደማ ላይ። በቡሬ በኩል ስትወርዱ ያ ሁሉ ከፍታ በአንድ መንገድ ላይ ነው የሚያልቀው። በእነዚህ ትናንሽ ሞተሮች ላይ ብዙውን ጊዜ ያለው የከበሮ ፍሬን ነው፤ ቁልቁለቱን በሙሉ ረግጣችሁት ከወረዳችሁ ይግላል፣ ከጋለ መያዙ ይቀንሳል። ማርሽ ቀንሱ፣ ሞተሩ ራሱ ይይዛችኋል። «ነዳጅ ልቆጥብ» ብሎ በዜሮ ማርሽ የሚወርደውን ሰው ምን ልበለው? ወንዝ ከተሻገራችሁም በኋላ ፍሬኑን እስኪደርቅ ቀለል አድርጋችሁ እየያዛችሁ ጥቂት ሜትር ሂዱ፤ ውሃ የገባበት ከበሮ ወዲያው አይዝም።

ሞተሩ ተመረጠ። ልጁ ስልኩን አወጣና ማሳመሪያ ብሎ የጻፈውን አሳየኝ፦ የሚያብለጨልጭ መብራት፣ ድምፁ የሚያገሳ ማርሚታ፣ የፊት ፓራፋንጎውን ማስቆረጥ፣ ስፖኪዮውን አውልቆ ትንንሽ ማድረግ። ተሳሳቅን። ከዚያ ዝርዝሩን አንድ በአንድ ቀየርነው፣ ገንዘቡ ያው ነው።

ስፖኪዮው ባለበት ይቆያል፣ ከኋላ የሚመጣውን አይሱዙ በምን ሊያየው ነው? ፓራፋንጎውም አይቆረጥም፤ ጭቃው ፊት ላይ ነው የሚረጨው። ለማርሚታው ያሰበው ብር ለጎማ ሆነ፤ ጥርሱ ሰፋ ብሎ ጠለቅ ያለ፣ ጭቃ የሚቧጥጥ። ለመብራቱ ያሰበው ደግሞ ከሞተሩ ጎን ለሚገጠም የእግር መከላከያ ብረት ሆነ። ሞተሩ ሲወድቅ ብረቱ ቀድሞ መሬት ይነካና ለእግር ቦታ ይተርፋል። ሁሉንም ስብራት አያስቀርም፣ ቀስ ብሎ በመውደቅ የሚመጣውን መጨፍለቅ ግን ይቀንሳል። የኮርቻውን ስፖንጅ ልብስ ሰፊው ጋ ወስደን ሁለት ጣት ያህል አስቀነስነው፣ ተረከዙም መሬት ደረሰ።

ማርሚታው ላይ የብረት ሽፋን መኖሩን አረጋገጥን። ይህን የምለው ባታቸው ተቃጥሎ የሚመጡትን ስለማያቸው ነው፤ በተለይ ከኋላ የሚጫኑ ሴቶችና ልጆች። ማርሚታው ብዙውን ጊዜ በቀኝ ነው፣ ስለዚህ በግራ ውጡ፣ በግራ ውረዱ። ከተቃጠላችሁ ደግሞ ቡናውን ለጀበናው ተዉት! ቡና፣ ቅቤ፣ ኮልጌት፣ እንቁላል፣ ምንም አትቀቡ። ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ አፍስሱበት፣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑትና ጤና ጣቢያ ሂዱ። ቡና የተቀባ ቁስል መጀመሪያ መታጠብ አለበት፣ ያኔ ነው ሰው የሚጮኸው።

የሰንሰለቱ መሸፈኛም እንዳይወልቅ። ብዙ ሰው ጭቃ ይይዛል ብሎ ይጥለዋል። ነጠላ፣ ጋቢ ወይም ረጅም ቀሚስ በሰንሰለቱ ወይም በጎማው ሲያዝ ሰውን ወደ ኋላ ጎትቶ ይጥላል፤ አንገት ላይ የተጠመጠመ ከሆነማ የከፋ ነው። ልብሳችሁን ሰብስባችሁ ተቀመጡበት። ሕፃን ልጅም ከፊት ታንከሩ ላይ አይጫንም፣ ሞተሩ ሲቆም መሪው ደረቱን ነው የሚመታው።

ወደ ሄልሜት ስንመጣ ብሩ አልቋል። ልጁ «በሚቀጥለው ወር እገዛለሁ» አለ። እዚህ ላይ አልተስማማሁም፣ ወደ ሻጩ ተመልሰን ያስያዝነውን የኮርቻ ልብስ መለስንና ሄልሜት ገዛን። «የአረቢያው ሎውረንስ» ስለሚባለው እንግሊዛዊ ሰምታችሁ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1935 ሁለት ብስክሌት የሚነዱ ልጆችን ለማዳን ሲል ከሞተሩ ወደቀ፣ ሄልሜት አልነበረውም፣ ከስድስት ቀን በኋላ በ46 ዓመቱ ሞተ። ካዩት ሐኪሞች አንዱ ሂዩ ኬርንስ የሚባል የአንጎል ቀዶ ሐኪም ነበር። ኬርንስ ነገሩ ከልቡ አልወጣለትም፤ መልእክት የሚያደርሱ ወታደሮችን አደጋ አጥንቶ በ1941 አሳተመ፣ የእንግሊዝ ጦርም ሞተረኞቹን ሄልሜት አስደረገ። ዛሬ ማስረጃው ብዙ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የኮክሬን ግምገማ ሄልሜት የሞት አደጋን በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል።

ግን የትኛውም ቆብ ሄልሜት አይደለም። የሕንጻ ሠራተኛ ቢጫ ቆብ ከላይ ለሚወድቅ ድንጋይ ነው የተሠራው። ሄልሜት ውስጡ ጠንካራ ወፍራም ፎም አለው፤ እሱ እየተጨፈለቀ ነው ምቱን የሚውጠው። ለዚህ ነው አንዴ የተጋጨ ሄልሜት የሚጣለው፣ ለዚህም ነው አሮጌ ሄልሜት አትግዙ የምለው። አድርጋችሁት ጭንቅላታችሁን ስትነቀንቁ ጉንጫችሁ አብሮ መንቀሳቀስ አለበት። ማሰሪያውን እሰሩ፣ በአገጭና በማሰሪያው መሃል ሁለት ጣት ብቻ ይግባ። ያልታሰረ ሄልሜት ከሰውየው ቀድሞ ነው የሚወድቀው።

ይህንንም ያዙልኝ፦ ወድቆ ጭንቅላቱን ተመትቶ «ደህና ነኝ» ብሎ የተነሣ ሰው ከሰዓታት በኋላ ራስ ምታቱ ከባሰበት፣ ካስመለሰው፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ወይም ንግግሩ ከተወላገደ፣ «ደክሞት ነው፣ ይተኛ» አይባልም። ውስጥ እየደማ ሊሆን ይችላል፣ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ነው።

ልጁ መንጃ ፈቃዱን እስኪያወጣ ድረስ እሑድ እሑድ ሜዳ ላይ ወጣን። አንድ ጊዜ ወደቀ፣ ሲዞር፣ ቀስ ብሎ፣ እንዳልኩት። የእግር መከላከያው ብረት ተጫረ፣ ቁርጭምጭሚቱ ደህና ነው።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ደወለ። «ጋሼ፣ እማዬን ገበያ ላደርሳት ነው፣ ሄልሜቴን ላድርግላት?» አንተስ በምን ልትሄድ ነው? ሁለተኛ ሄልሜት ልንገዛ ተስማማን። እህቴ «ሽሩባዬ ይበላሻል፣ ሰው ይስቅብኛል» ብላ ብዙ ተከራከረች። ቅዳሜ ቤቷ ሄጄ በልብስ ሰፊ ሜትር ከቅንድቧ በላይ ዙሪያውን ለካኋት፣ 56 ሴንቲ ሜትር። ሻሿን አስወልቄ ነው የለካሁት፤ ሻሽ ላይ የተደረገ ሄልሜት ይንሸራተታል።