«ደንበኝነት የለዎትም» የሚለውን ማስታወሻ ማስነሳት፦ ትርፉና ኪሳራው

ከመስከረም እስከ ኅዳር ባሉት ወራት በመተማ፣ በቋራና በምዕራብ አርማጭሆ ቆላ ሰሊጥ ታጭዶ፣ ተራግፎ ወደ መጋዘን ይገባል። በዚህ ወቅት የአንድ ሰሊጥ ነጋዴ ሀብት በጆንያ የተከመረው ኩንታል ብቻ አይደለም። ከገንዳ ውሃና ከመተማ ዮሐንስ የተጫነው ጭነት፣ ለአራሹ የተሰጠው ቅድሚያ ክፍያ፣ የቀን ሠራተኛው ሒሳብና የባንኩ ዕዳ የተመዘገበበት መረጃም ሀብት ነው። ይህ መረጃ ዱሮ በወፍራም መዝገብ ላይ ይሰፍር ነበር። ዛሬ ግን በጎንደር ወይም በአዲስ አበባ በሚገኝ ዋና መሥሪያ ቤት፣ በአንድ ሰርቨር ውስጥ መቀመጡ እየተለመደ መጥቷል።

ሰርቨሩን የሚያስተዳድረው ሶፍትዌር ብዙ ጊዜ በነጻ የተገኘ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ነው። ሥራውም ሳይጓደል ይሄዳል። ይሁንና ባለሙያው የአስተዳደር ገጹን በከፈተ ቁጥር «ለዚህ ሰርቨር የሚያገለግል ደንበኝነት የለዎትም» የሚል ማስታወሻ ብቅ ይላል። ባለሀብቱ ይህን ሲያይ ሁለት ነገር ሊጠረጥር ይችላል። አንደኛው «ሕገወጥ ዕቃ ተሸጠልኝ» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «ቀኑ ሲደርስ ሥራዬ ይቆማል» የሚል ነው። ወዲያው «ጥቂት ገንዘብ ከተከፈለኝ አጠፋዋለሁ» የሚል ባለሙያ ከተገኘ፣ ነገሩ በዚያው የተዘጋ ይመስላል። ለመሆኑ በዚያ ገንዘብ የተገዛው ምንድን ነው?

የማስታወሻው ምንነት

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ጉዳዩን ከመነሻው ማየቱ ይበጃል። በዚህ ማስታወሻ ይበልጥ የሚታወቀው ፕሮክስሞክስ የተባለው ሶፍትዌር ነው። አዘጋጁ መቀመጫውን በኦስትሪያ ቪየና ያደረገ ኩባንያ ሲሆን፣ ሶፍትዌሩ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ተግባሩ አንድን ሰርቨር ወደ ብዙ «ምናባዊ» ሰርቨሮች መከፋፈል ነው። በአንድ ማሽን ላይ የሒሳብ ፕሮግራሙ ለብቻው፣ የመጋዘን መዝገቡ ለብቻው፣ የኢሜይል አገልግሎቱም ለብቻው ይሠራሉ። አንድን ትልቅ መጋዘን በግድግዳ ከፍሎ ሰሊጡን፣ ጥጡንና ማሽላውን ለየብቻ እንደ ማስቀመጥ ማለት ነው።

የዚህ ሶፍትዌር ፈላጊ በቅርብ ዓመታት የበዛበት ምክንያት አለ። በዚህ ሥራ ለረጅም ጊዜ ቀዳሚ የነበረውን ቪኤምዌርን፣ ብሮድኮም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 ጠቅልሎ ገዛ። በወሩ፣ አንድ ጊዜ ተከፍሎበት ለዘለቄታው የሚያገለግለው ፈቃድ ሽያጭ ቆሞ ሁሉም ነገር በየጊዜው የሚከፈልበት ደንበኝነት ሆነ። በየካቲት 2024 ደግሞ ያለ ክፍያ ይሰጥ የነበረው የቪኤምዌር ሰርቨር ሶፍትዌር ተቋረጠ። በሚያዝያ 2025 ተመልሶ ቢመጣም፣ በዚያ መካከል ብዙ ተጠቃሚዎች በመላው ዓለም ወደ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ፊታቸውን አዙረዋል።

ስለ ማስታወሻው ባለሀብቱ ሊያውቀው የሚገባው ዋና ነገር የሚከተለው ነው። ማስታወሻው የመቋረጫ ቀን የለውም፤ ሥራም አያቆምም፤ የሚቀንሰው ተግባርም የለም። የሚታየውም ለሰርቨሩ አስተዳዳሪ ብቻ ነው። በመተማ ቅርንጫፍ ሚዛን የምትመዘግበው ጸሐፊም ሆነች በጎንደር ሒሳብ የሚዘጋው ሒሳብ ሠራተኛ ፈጽሞ አያዩትም።

ማስነሳት ሕገወጥ ነውን?

በአማርኛ «ነጻ» የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም አለው። አንዱ «ያለ ዋጋ» ሲሆን ሌላው «አርነት ያለው» ማለት ነው። የክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ቁም ነገር ሁለተኛው ነው። ፕሮክስሞክስ የሚሰራጨው ኤጂፒኤል ሦስት በተባለው ፈቃድ ሲሆን፣ ይህ ፈቃድ የወጣው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2007 ነው። ፈቃዱ ለተጠቃሚው ኮዱን የማየት፣ የመለወጥና የማሰራጨት መብት ይሰጠዋል። ስለዚህ አንድ ድርጅት በገዛ ሰርቨሩ ላይ ማስታወሻው እንዳይታይ ኮዱን ቢለውጥ የተሰጠውን መብት ተጠቀመ እንጂ ስርቆት ፈጸመ አይባልም።

መብቱ ግን ድንበር አለው። የደራሲነትና የባለመብትነት መግለጫዎችን መፋቅ ሌላ ጉዳይ ነው። የተለወጠውን ሶፍትዌር ለሌላ የሚያስተላልፍ ወገን የለወጠውን መግለጽና ኮዱን ማቅረብ አለበት። «ፕሮክስሞክስ» የሚለው ስም ራሱም የንግድ ምልክት ስለሆነ፣ የተለወጠን ዕቃ በዚሁ ስም መሸጥ በኮድ ፈቃድ የሚሸፈን አይደለም።

ከሁሉም በላይ፣ በአንድ ሶፍትዌር የተፈቀደው በሌላው ላይፈቀድ ይችላል። ለሒሳብና ለመጋዘን ሥራ የሚውለው ኦዱ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። «ኮሚዩኒቲ» የሚባለው የኦዱ ዓይነት ክፍት ምንጭ ሲሆን፣ «ኢንተርፕራይዝ» የሚባለው ግን በደንበኝነት ውል ብቻ የሚሠራ ነው። በኢንተርፕራይዙ ላይ «ጊዜዎ ሊያልቅ ነው» የሚለውን ማስታወሻ በዘዴ አስነስቶ መጠቀም ውል ማፍረስ ነው። በሀገራችንም የኮምፒዩተር ፕሮግራም በቅጂ መብት ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከሚጠበቁ ሥራዎች መካከል ነው። እንግዲህ ነጋዴው ባለሙያውን አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት «ማጥፋት ትችላለህ ወይ?» ብሎ ሳይሆን «ፈቃዱ ምን ይላል?» ብሎ ነው።

ቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች

ትልቁ ኪሳራ ያለው ከሕጉ ላይ ሳይሆን ከአሠራሩ ላይ ነው። ፕሮክስሞክስ ሲጫን ማሻሻያ እንዲያመጣ የሚዋቀረው፣ ደንበኞች ብቻ ከሚገቡበት የኩባንያው ማከማቻ ነው። ቁልፍ የሌለው ሰርቨር ወደዚያ በሄደ ቁጥር «ፈቃድ የለህም» ተብሎ ይመለሳል። ሶፍትዌሩ የቆመበት የዴቢያን መሠረት ማሻሻያ ቢያገኝም፣ የፕሮክስሞክስ የራሱ ክፍሎች ግን የስርዓቱን እምብርት ጨምሮ ባሉበት ይቀራሉ።

መፍትሔው ቀላል ነው። ኩባንያው ራሱ ደንበኝነት ለሌላቸው የከፈተው ሌላ ማከማቻ አለ። ባለሙያው አቅጣጫውን ወደዚያ ቢያዞር ማሻሻያው ያለ ክፍያ ይመጣል። ሆኖም ኩባንያው በዚህ ማከማቻ ያሉት ክፍሎች እንደ ደንበኞቹ ማከማቻ በጥብቅ ያልተፈተኑ ስለሆኑ ለዋና ሥራ እንደማይመክራቸው በግልጽ ያስታውቃል።

ችግሩ የሚመጣው ባለሙያው ማስታወሻውን ብቻ አጥፍቶ፣ የማሻሻያውን ምንጭ ሳያስተካክል ሲሄድ ነው። ያን ጊዜ ሰርቨሩ ዝም ይላል። ባለቤቱም ዝምታውን እንደ ጤንነት ይቆጥረዋል። ይህ ማለት «ይህ ሚዛን አልተመረመረም» የሚለውን ወረቀት ቀድዶ በዚያው ሚዛን ሰሊጥ መመዘን ነው። ወረቀቱ ተነሳ እንጂ ሚዛኑ አልተስተካከለም።

ማሻሻያ መቅረቱ የሚያስከትለውን ጣጣ ዓለም አይቶታል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2023 በሺዎች የሚቆጠሩ የቪኤምዌር ሰርቨሮች በአንድ ሰሞን ተጠቅተው መረጃቸው ተቆለፈ፤ ለመክፈቻውም ገንዘብ ተጠየቀ። አጥቂዎቹ ገብተውበታል የተባለው ቀዳዳ መድፈኛው የወጣለት ከ2 ዓመት በፊት፣ በየካቲት 2021 ነበር። የተጎዱት መድፈኛውን ያልጫኑት ናቸው። የሰሊጥ ነጋዴው መዝገብ በኅዳር ወር እንዲህ ቢቆለፍ ለማን ምን ያህል እንደተከፈለ፣ የትኛው ጭነት የት እንደደረሰ ማወቅ አይችልም።

ሌላም አደጋ አለ። ማስታወሻውን የሚያጠፉ ዝግጁ የትእዛዝ ጽሑፎች በየቦታው ይገኛሉ። ባለሙያው ምንነታቸውን ሳያነብ በሰርቨሩ ላይ በሙሉ ሥልጣን ካስኬዳቸው፣ የመጋዘኑን ቁልፍ ላልታወቀ ሰው እንደ መስጠት ነው። ከዚህም ሌላ ለውጡ ዘላቂ አይደለም። ማስታወሻውን የያዘው ፋይል ማሻሻያ ሲመጣ በአዲስ ስለሚተካ ማስታወሻው ይመለሳል። አንዳንዱ ባለሙያ ይህን ለማስቀረት ማሻሻያውን ጭራሹን ይዘጋዋል። በማስታወሻው ፈንታ የሄደው የሰርቨሩ ጤና ሆነ ማለት ነው።

ማስታወሻ የሌለው ሁሉ የተከፈለበት አይደለም

ያገለገለ ሰርቨር ለሚገዙና ለሚያሻሽጡ ደላሎች ልዩ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። ማስታወሻው የማይታይበት ሰርቨር «ሙሉ ደንበኝነት ያለው» ተብሎ ቢቀርብ፣ ገዢው በዓይኑ ብቻ ማመን የለበትም። በአስተዳደር ገጹ ላይ የደንበኝነት ሁኔታ የሚታይበት ክፍል አለ። የሚሠራ ቁልፍ ካለ እዚያ ይታያል። ቁልፉ ደግሞ ከአንድ ሰርቨር መለያ ጋር የተያያዘ በመሆኑ ለሌላ ማሽን ዝም ብሎ የሚተላለፍ አይደለም። ይህን ክፍል ከፍቶ ማየት የአንድ ደቂቃ ሥራ ሲሆን፣ በውሉ ላይም «ቁልፍ አለው» ወይም «ቁልፍ የለውም» ተብሎ ቢጻፍ ከኋላ ክርክር ያድናል።

ዋጋውስ?

የደንበኝነቱ ዋጋ የሚሰላው በዓመትና በሰርቨሩ ላይ ባለው የፕሮሰሰር መቀመጫ ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ዝቅተኛው 110 ዩሮ፣ ከእሱ ቀጥሎ ያለው 340 ዩሮ፣ ከፍተኛው 1,020 ዩሮ ነበር። በዝቅተኛው የሚገኘው የተፈተነው ማከማቻ ብቻ ነው፤ የባለሙያ ድጋፍ የለውም። በ340 ዩሮው በዓመት 3 የድጋፍ ጥያቄ ማቅረብ ይቻላል። ባለ 2 ፕሮሰሰር ሰርቨር በዝቅተኛው 220 ዩሮ፣ በቀጣዩ 680 ዩሮ ያስወጣ ነበር ማለት ነው።

ለኢትዮጵያ ነጋዴ ከዋጋው ይልቅ የሚከብደው ምንዛሪው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ፣ በ57 ብር ገደማ የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ዩሮውም በብር ሲመነዘር አብሮ ወጥቷል። የውጭው ዋጋ ሳይነካ የሀገር ውስጡ ወጪ ሊያድግ እንደሚችል ሰሊጥ ላኪው ከማንም በላይ ያውቀዋል። የራሱ የውጭ ምንዛሪ ያለው ላኪ ግን ከውስጥ ገዢው የተሻለ አቅም አለው።

የቆላው ሁኔታ

በአማራ ክልል ከሐምሌ መጨረሻ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር ይታወሳል። በሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. የተነሳው የሱዳን ጦርነትም በመተማና በገላባት መካከል ያለውን ንግድ አውኮታል። እንዲህ ባለው ጊዜ መረጃውን በራሱ ሰርቨር የያዘ ነጋዴ መስመር ቢቋረጥም መዝገቡን ያገኛል። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ማሻሻያ ግን በመስመር የሚመጣ በመሆኑ ሰርቨሩ ከመስመር ውጭ በቆየ ቁጥር ዕድሜው ያልፍበታል። ለምሳሌ የፕሮክስሞክስ 7ኛ ዕትም ድጋፍ ያበቃው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 ነው። መስመር ሲመለስ የመጀመሪያው ሥራ የመረጃውን ቅጂ በሌላ ዲስክ አስቀምጦ ማሻሻል መሆን አለበት። አቧራና ከ40 ዲግሪ በላይ የሚደርስ ሙቀት ባለበት ቆላ፣ በሌላ ከተማ የተቀመጠ ሁለተኛ ቅጂ ቅንጦት አይደለም።

ምን ይደረግ?

ከላይ የተዘረዘረው ሲጠቃለል፣ ነጋዴው ለባለሙያው አራት ጥያቄ ቢያቀርብ ይበቃዋል። አንደኛ፣ የዚህ ሶፍትዌር ፈቃድ መለወጥን ይፈቅዳል ወይ? ሁለተኛ፣ ማሻሻያ የሚመጣው ከየትኛው ማከማቻ ነው፣ መጨረሻ የመጣውስ መቼ ነው? ሦስተኛ፣ ማስታወሻው የሚጠፋበትን ጽሑፍ አንብበኸዋል ወይ? አራተኛ፣ ሰርቨሩ ዛሬ ቢቃጠል መዝገቡ ከየት ይመለሳል?

የእነዚህ መልስ ከተሟላ ማስታወሻው ቢነሳም ባይነሳም የሚያመጣው ለውጥ የለም። ካልተሟላ ግን ለማስነሻ የሚከፈለው ገንዘብ ለአንድ ዲስክ መግዣ ቢውል ይሻላል። ሥራው በሰርቨሩ ላይ የተመሠረተና አቅሙ ያለው ድርጅት ደግሞ ዝቅተኛውን ደንበኝነት ቢገዛ፣ የተፈተነውን ማሻሻያ ከማግኘቱም በላይ ማስታወሻው በራሱ ይጠፋል።