የጮቄ አፈርና የባሕር ማዕበል፦ ሰርፈሮች የወንዝ አፍ ለምን ይወዳሉ?

በስልካችሁ ላይ አይታችሁት ይሆናል። አንድ ወጣት በጠባብ ሰሌዳ ላይ ቆሟል፤ ከኋላው ውሃ እንደ ግድግዳ ተነሥቶ ይጠቀለላል፤ እሱ ግን ዳር ዳሩን ይዞ እየተንሸራተተ ያመልጠዋል። ሰርፊንግ የሚባለው ስፖርት ይህ ነው። ደብረ ማርቆስ ቁጭ ብሎ ይህን የሚያይ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ምን መሰላችሁ? "እኛ ጋ ይቻላል እንዴ?"

አጭሩ መልስ፦ አይቻልም። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በቅርባችን ባሕር የለም። ነገሩ ግን እዚህ ላይ አያበቃም። ሰርፈሮች አገር አቋርጠው ከሚሄዱባቸው ቦታዎች መካከል ወንዝ ወደ ባሕር የሚገባባቸው ቦታዎች ይገኛሉ። በእነዚያ ቦታዎች ማዕበሉን የሚያሳምረው ባሕሩ ብቻ አይደለም፤ ወንዙ ከደጋ ጠርጎ ያወረደው አሸዋና ደለል ጭምር ነው። በዚህ ሥራ ደግሞ የጎጃም ደጋ እጁ አለበት። እንዴት? ከማዕበሉ እንጀምር።

ማዕበል ለምን ይሰበራል?

ማዕበል የሚወለደው ከነፋስ ነው። ነፋስ በውሃ ላይ ሲነፍስ ጉልበቱን ለውሃው ያካፍላል። ነፋሱ በበረታ፣ ረጅም ሰዓት በነፈሰ፣ ያለ ከልካይ የሚሮጥበት የውሃ ርቀትም በረዘመ ቁጥር ማዕበሉ ይተልቃል። ውቅያኖስ ላይ ይህ ርቀት በሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ሊሆን ይችላል። በየ12 ሰከንዱ የሚመጣ የውቅያኖስ ማዕበል በጥልቅ ውሃ ላይ በሰዓት 67 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ከአንዱ ጫፍ እስከ ቀጣዩ ጫፍ ያለው ርቀትም 225 ሜትር ገደማ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የሚጓዘው ጉልበቱ እንጂ ውሃው አይደለም። ነፋስ የጤፍ ማሳ ላይ ሲነፍስ ማሳው ሲወዛወዝ አይታችኋል አይደል? ሞገዱ ከአንዱ ዳር እስከ ሌላው ይሮጣል፤ ጤፉ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም።

ማዕበሉ ወደ ዳር ሲቀርብ ታሪኩ ይለወጣል። የውሃው ጥልቀት የማዕበሉን ርዝመት ግማሽ ያህል ሲሆን ማዕበሉ ወለሉ "ይሰማው" ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ውሃው በሳሳ ቁጥር ፍጥነቱ ይቀንሳል። 4 ሜትር ጥልቀት ባለው ውሃ ላይ ፍጥነቱ በሰከንድ 6.3 ሜትር ገደማ ነው፤ 1 ሜትር ጥልቀት ላይ ሲደርስ ግን 3.1 ሜትር ገደማ ብቻ ይሆናል። ከፊት ያለው ሲዘገይ ከኋላ ያለው ይደርስበታል፤ ጉልበቱ ይታጨቅና ማዕበሉ ወደ ላይ ይነሣል።

በመጨረሻም ይወድቃል። በታረሰ ማሳ ላይ እየሮጠ እግሩን ጓል የያዘውን ልጅ አስቡት፦ እግሩ ይቆማል፣ ጭንቅላቱ ግን ይቀጥላል፤ በአፍጢሙ ይደፋል። ማዕበልም እንደዚያው ነው። በግምት ቁመቱ የጥልቀቱን አራት አምስተኛ ሲያክል ይሰበራል። አንድ ሜትር ቁመት ያለው ማዕበል 1.3 ሜትር ገደማ ጥልቀት ባለው ውሃ ላይ ይደፋል ማለት ነው።

የወንዝ አፍ ምን የተለየ ነገር አለው?

የባሕሩ ወለል እንደ ጠረጴዛ ለጥ ያለ ቢሆን ማዕበሉ ከዳር እስከ ዳር በአንድ ጊዜ ይደፋል። ሰርፈር እንዲህ ያለውን አይፈልገውም፤ ማምለጫ የለውማ! እሱ የሚፈልገው ከአንድ ወገን ጀምሮ ቀስ በቀስ የሚሰበር፣ ያልተሰበረው ክፍል ሁልጊዜ ከፊቱ የሚቆየው ማዕበል ነው።

ይህን የሚፈጥረው የወለሉ ቅርጽ ነው። ወንዝ ባሕር ሲደርስ ፍጥነቱን ያጣል። ፍጥነት ሲያጣ ደግሞ ሸክሙን ማራገፍ ይጀምራል፦ መጀመሪያ ጠጠሩን፣ ቀጥሎ አሸዋውን፣ በመጨረሻም ደቃቁን ሸክላ አፈር። አሸዋው በወንዙ አፍ ላይ እንደ ምላስ ወደ ባሕሩ የሚገባ ጉብታ ይሠራል።

አሁን ማዕበሉ ይምጣ። ተማሪዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው ጎን ለጎን እየተራመዱ ነው እንበል። በአንዱ ጫፍ ያሉት ጭቃ ውስጥ ቢገቡ እነሱ ይዘገያሉ፣ ሌሎቹ ግን ይቀጥላሉ፤ ሰልፉም ወደ ጭቃው ይታጠፋል። ማዕበሉም በጉብታው ላይ የሚያልፈው ክፍሉ ስለሚዘገይ ወደ ጉብታው ይታጠፋል፣ ጉልበቱንም እዚያ ያከማቻል። መጀመሪያ በጣም በሳሳው ቦታ ላይ ይሰበራል፤ ከዚያ ስብራቱ በጉብታው ጠርዝ እየተከተለ ይሄዳል። የሰርፈሩ መንገድ ይህ ጠርዝ ነው።

ይህን ቤት ውስጥ መሞከር ትችላላችሁ። ሰፊ ሳፋ ውስጥ ሁለት ጣት ያህል ውሃ አድርጉ። በጆግ ውሃና አሸዋ በጥብጡና ከሳፋው አንድ ዳር ቀስ እያላችሁ አፍስሱ። ማራገቢያ የመሰለ ጉብታ ሲሠራ ታያላችሁ። ከዚያ በሌላው ዳር በማስመሪያ ሞገድ ፍጠሩና ጉብታው ላይ ሲደርስ እንዴት እንደሚታጠፍ ተመልከቱ።

አሸዋው ቢጠፋስ?

በሰሜን ስፔን፣ በባስክ አገር፣ ሙንዳካ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። የኦካ ወንዝ ባሕር በሚገባበት አፍ ላይ የሚሰበረው ማዕበሏ በአውሮፓ ከታወቁት አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ለመርከብ መተላለፊያ ሲባል ከወንዙ አፍ አካባቢ ብዙ አሸዋ ተዛቀ። ባሕሩ ያው ባሕር፣ ነፋሱም ያው ነፋስ ነበር፤ ማዕበሉ ግን ተበላሸ። እ.ኤ.አ. በ2005 በዚያ ሊካሄድ የነበረው ዓለም አቀፍ ውድድር ተሰረዘ። ማዕበሉ የተመለሰው ወንዙና ባሕሩ አሸዋውን ቀስ በቀስ መልሰው ሲያስተካክሉት ነው።

እንግዲህ የወንዝ አፍ ማዕበል በየጊዜው ከላይ የሚላክለት አሸዋ ያስፈልገዋል። የእኛ ወንዞችስ የሚልኩት የት ነው?

ሁለት የጎጃም ወንዞች፣ ሁለት መንገዶች

የመጀመሪያው ግልገል ዓባይ ነው። ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ይፈስና ጣና ሐይቅ ይገባል። ይህ የራሳችን የወንዝ አፍ ነው! የሚያመጣው ደለል ሐይቁ ውስጥ ስለሚቀር ከሳተላይት ሲታይ መሬቱ እንደ ጣት ወደ ውሃው ገብቷል።

ታዲያ ለምን እዚያ አንንሸራተትም? ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ቢኖረውም ለነፋስ አጭር ሜዳ ነው። በየ3 ሰከንዱ የሚመጣ የሐይቅ ሞገድ ርዝመቱ 14 ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ከውቅያኖሱ 225 ሜትር ጋር አስተያዩት። ጥድፊያ እንጂ ጉልበት የለውም። ይህ ማለት ግን አይናቅም ማለት አይደለም። ከደንገል በተሠራ ታንኳ የሚጓዙ ሰዎች ጠዋት ረጋ ያለው ሐይቅ ከሰዓት በኋላ ሲናወጥ ያውቁታል፤ ፀሐይ የብስን ከውሃ ቀድማ ስለምታሞቅ ነፋስ ይነሣል። በዚያ ላይ ጣና ጉማሬ አለው፣ ቢልሃርዚያም አለ። ስለዚህ ሰሌዳ ይዛችሁ እንዳትሄዱ!

ሁለተኛው ወንዝ ደብረ ማርቆስን ታክኮ የሚያልፈው ጨሞጋ ነው። ከጮቄ ይነሣና ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል። ክረምት ላይ ከድልድዩ ሆናችሁ ስታዩት ሻይ በወተት ይመስላል። ያ ቀለም ውሃ አይደለም፤ ማሳ ነው። ጨሞጋ፣ ተምጫ፣ ብር፣ ሙጋ፣ ሌሎችም ጎጃምን ከከበበው ዓባይ ጋር ይቀላቀላሉ። ዓባይ ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከወለጋ የሚመጣውንም ጨምሮ በዓመት ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ ደለል ወደ ምዕራብ ያወርዳል። ባለ 20 ቶን ገልባጭ መኪና ቢጭነው 5 ሚሊዮን ምልልስ ይሆናል።

ጮቄ ከ20 ሚሊዮን ዓመታት በፊት የተፈጠረ ጥንታዊ እሳተ ገሞራ ነው። በእንዲህ ያሉ የኢትዮጵያ ደጋ አለቶች ውስጥ ፓይሮክሲን የሚባል ጠቆር ያለ ማዕድን ይገኛል። ሳይንቲስቶች ሜዲትራኒያን ዳር ባለው የናይል ዴልታ ደለል ውስጥ ይህንኑ ማዕድን ያገኛሉ፤ አፈሩ ከየት እንደመጣ የሚናገር መታወቂያ ነው። ናይል ሜዲትራኒያንን በሚገናኝባቸው በሮዜታና በደምያት አፎች ወደ ባሕር የገቡት የአሸዋ ምላሶች በሺዎች ዓመታት የተሠሩት ከዚህ ጭነት ጭምር ነው።

ዛሬ ግን ጭነቱ እዚያ አይደርስም። የአስዋን ታላቅ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1970 ከተጠናቀቀ ወዲህ ደለሉ ከግድቡ ጀርባ ይቀራል። ባሕሩ ግን አሸዋውን መውሰዱን አላቆመም፤ የሮዜታ ዳርቻ በዓመት 100 ሜትር ገደማ ያፈገፈገባቸው ጊዜያት ነበሩ። ሙንዳካ ላይ በጥቂት ወራት የታየው ነገር እዚህ በትልቁ ታየ።

ታዲያ አፈራችን ይሂድ ወይስ ይቅር?

እዚህ ላይ "እንግዲያው አፈራችን ለባሕሩ ይጠቅማል፣ ይሂድላቸው" የሚል ይኖር ይሆናል። ሁለቱን ነገሮች እንለያቸው። ወንዝ ሁልጊዜም አሸዋ ይሸከማል፤ የተፈጥሮ ሥራው ነው። ማዕበሉን የሚያሳምረው ጉብታ የሚሠራውም ከአሸዋ ነው። ጨሞጋን የሚያደፈርሰው ግን በአብዛኛው ደቃቅ አፈር ነው፤ ሰብል የሚበቅልበት የላይኛው ለም አፈር። ያ አፈር ባሕር ቢደርስ እንኳ ለሰርፈር ጉብታ አይሆነውም፤ ለገበሬው ግን እንጀራው ነበር።

ደግሞም አሁን ሩቅ አይሄድም። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዝ ሐይቅ አለው። የዓባይ ወንዝ እዚያ ሲደርስ ምን ያደርጋል? በሳፋው ላይ ያያችሁትን፦ ፍጥነቱን ያጣል፣ ሸክሙን ያራግፋል። ከጮቄ የወረደ አፈር ማሳውን ያራቁታል፤ ከዚያም ቀስ በቀስ የግድቡን ቦታ ይይዛል። ሁለት ጊዜ ኪሳራ ነው።

ደስ የሚለው፣ ይህን በአቅራቢያችን ሲለካ የኖረ ቦታ አለ። ከደምበጫ ብዙ በማይርቀው አንጀኒ እ.ኤ.አ. በ1984 የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተቋቁሟል። በዚያ ከተካሄዱ ልኬቶች የምንማረው አንድ ቁም ነገር አለ፦ ወንዙ በጣም የሚደፈርሰው ዝናቡ በበረታበት በነሐሴ ሳይሆን በክረምቱ መግቢያ ላይ ነው። ምክንያቱም ያኔ ማሳው ለጤፍ ተደጋግሞ ታርሶ ራቁቱን ነው። ሰብሉ ሥር ሰድዶ አፈሩን ሲሸፍነው ዝናብ እየዘነበም ውሃው እየጠራ ይሄዳል። እርከንም ያንኑ ይሠራል፤ የውሃውን ፍጥነት ይቀንሳል፣ ፍጥነቱ የቀነሰ ውሃም አፈሩን እዚያው ማሳው ላይ ጥሎ ይሄዳል። የእርከን ምሥጢርና የወንዝ አፍ ምሥጢር አንድ ነው ማለት ነው።

እናንተም ለኩት

በሚቀጥለው ክረምት ባዶ ሃይላንድ አዘጋጁ። ከሰኔ ጀምሮ በየሳምንቱ፣ ዝናብ ካባራ በኋላ፣ በትምህርት ቤታችሁ ወይም በቤታችሁ አጠገብ ካለች ትንሽ ቦይ ውሃ ሙሉ። ወደ ሞላ ወንዝ ግን እንዳትወርዱ፤ ጉልበት ብቻ የሚደርስ ደራሽ ውሃ ሰው ይጥላል። ሃይላንዱን ለሁለት ቀን ሳትነካኩ አቁሙት። ከሥሩ የዘቀጠውን በማስመሪያ ለኩና ቀኑን ጽፋችሁ መዝግቡ። መጀመሪያ ጠጠርና አሸዋው፣ ከላዩ ደቃቁ አፈር ተደራርቦ ታያላችሁ።

መስከረም ላይ ልኬቶቻችሁን ደርድሩና ከአንጀኒው ጋር አስተያዩት። የሰኔው ከነሐሴው ይበልጥ ይሆን? ቦይዋ ከእርከን በታች ከሆነችና ካልሆነችስ? ከዚያ በኋላ ስልካችሁ ላይ ሰርፈር ስታዩ ዓይናችሁ ሰሌዳው ላይ ብቻ አይቀርም፤ ከማዕበሉ ሥር ያለው አሸዋ ከየትኛው ተራራ እንደመጣ ትጠይቃላችሁ።