ቮልስዎ የራሷን ትኩሳት እየተነፈሰች ይሆን?

ቮልስ ያለው ሰው ስለ መኪናው ሲያወራ ስለ ዘመዱ የሚያወራ ይመስላል። አባት የገዛት፣ ልጅ መንዳት የተማረባት፣ ዛሬ የልጅ ልጅ የሚያጥባት ቮልስ በአዲስ አበባ ጥቂት አይደለችም። የዚህች መኪና የመጨረሻዋ ከፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. ጁላይ 30 ቀን 2003 በሜክሲኮ፣ ፑዌብላ ነው። በእጅዎ ያለችው ብትቃጠል አዲስ የሚሠራልዎ የለም ማለት ነው። እናም ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ ስለ አንድ ድብቅ ጠላቷ እንጨዋወት፤ ስለ ጭስ ማውጫዋ ሙቀት።

ከላይ ቀዝቃዛ፣ ከታች ሙቅ

ቮልስ ራዲያተር የላትም፤ የሚያቀዘቅዛት አየር ብቻ ነው። ቀዝቃዛው አየር ከኋላ መስኮቱ ሥር ባሉት ሽንቁሮች ይገባል። ቬንትሌተሩ ይስበውና በሲሊንደሮቹና በቴስታታው ላይ ይነፋዋል። ከዚያ ሞቆ በታች ይወጣል። ማርሚታውና የጭስ ቱቦዎቹም ያሉት ከታች ነው። ሁለቱን ሰፈሮች የሚለያቸው ሞተሩን የከበበው ላሜራና በላሜራው ጠርዝ ዙሪያ ያለው ላስቲክ ነው። ይኼው ነው አጥሩ።

ታዲያ ችግሩ የሚጀምረው መቼ ነው? ብዙ ጊዜ ሞተር ወርዶ ሲመለስ። «ይቺ ደግሞ ምን ትሠራለች?» ትባልና አንዷ ቁራጭ ላሜራ ጋራዥ ጥግ ትቀራለች። ላስቲኩም በዕድሜ ደርቆ ይቆራረጣል። አጥሩ ሲፈርስ ቬንትሌተሩ ከማርሚታው የሚነሳውን ትኩስ አየር መልሶ ይስበዋል። መኪናዋ የራሷን ትኩሳት ትተነፍሳለች ማለት ነው። ሙቀቱ በሙቀት ላይ ሲደራረብ ዘይቱ ይቀጥናል፣ ጉልበት ይቀንሳል፣ ካርቡራተሩ ውስጥ ያለው ቤንዚን ይፈላል።

አዲስ አበባ ላይ ነገሩ ይብሳል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። አየሯ ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ያው ቬንትሌተር ቢሽከረከርም ሞተሩን የሚዳስሰው አየር ትንሽ ነው። ቤንዚንም በከፍታ ቦታ ቶሎ ይፈላል። እ.ኤ.አ. ከ1971 በፊት የተሠሩት ሞተሮች ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባቸው፤ የዘይት ማቀዝቀዣው 3ኛው ሲሊንደር አየር መንገድ ላይ ስለቆመ መጀመሪያ የሚጎዳው እሱ ነው።

ልጆች ኋላ ተኝተው ከሆነስ?

ይኼ ከሞተሩም የባሰ ነው። የቮልስ ማሞቂያ ሙቀቱን የሚያገኘው ከጭስ ቱቦው ነው። ቱቦውን የከበበ የላሜራ ሳጥን አለ፤ አየሩ በሳጥኑ ውስጥ አልፎ ሞቆ ወደ ተሳፋሪው ይገባል። ውስጥ ያለው ቱቦ ዝጎ ከተበሳ ግን ጭሱም አብሮ ይገባል። በጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው! ማሞቂያ ሲከፈት ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም ድብታ ከተሰማ መስኮት ከፍተው፣ ዳር ይዘው፣ ሁሉንም ያስወርዱ። ማሞቂያውን እስኪያስመረምሩ ድረስ አይክፈቱት።

ምን ይደረግ?

1. መኪናዋን ጨለማ ቦታ ያቁሙ፣ ሞተሩ ይጥፋ። የእጅ ባትሪ አብርተው ከሥር ያስቀምጡና የኋላውን ኮፈን ከፍተው ይዩ። ብርሃን ወደ ላይ በሾለከበት ሁሉ ሙቀትም ይሾልካል። የጎደለውን ላሜራ ያስተክሉ፣ ላስቲኩን ያስቀይሩ። ከማርሚታው ወደ ካርቡራተሩ ሥር የምትወጣውን ቀጭን ቱቦ ግን አያስቆርጡ። እሷ የምታሞቀው ለሥራ ነው፤ ዙሪያዋን ብቻ በላሜራ ያስደፍኑ።

2. የማሞቂያውን ሳጥን አስወጥተው በተራ ቱቦ ከተኩ፣ ቬንትሌተሩ ቤት ላይ ወደ ማሞቂያው የሚሄዱት ሁለት ቀዳዳዎች ይደፈኑ። ካልሆነ ሲሊንደሩን ማቀዝቀዝ የነበረበት አየር ሜዳ ላይ ይባክናል።

3. የጭስ ቱቦዎቹን መጋጠሚያ ይመልከቱ። ጥቁር ጥላሸት ካለ ጭስ ያፈሳል።

4. የቤንዚን ጎማዎቹን በየዓመቱ ያስቀይሩ። የድሮዎቹ ጨርቅ የለበሱ ስለሆኑ ስንጥቃቸው አይታይም። ሙቀት ያደረቀው ጎማ ያንጠባጥባል፤ የዲስትሪቢዩተር አንዲት ብልጭታ ለቀሪው ትበቃለች። የቤንዚን ፊልትሮም ሞተሩ ላይ አይንጠልጠል፤ ከሞተሩ ክፍል ውጪ ይሁን።

5. ቱቦውን በጨርቅ መጠቅለል የሚመክሩዎት አይጠፉም። ጨርቁ እርጥበት ይይዝና ቱቦውን ያዝገዋል። የድሮ አስቤስቶስ ከሆነማ ብናኙ ሳንባን ይጎዳል፤ ፈጽሞ አይንኩት።

6. ኮፈኑን በእንጨት ደግፎ መንዳት መፍትሔ አይደለም። ከማርሚታው የሚነሳው ሙቀትና አቧራው በዚያው ይገባል። ዳገት ወጥተው ሲያቆሙ ግን ኮፈኑን ለጥቂት ደቂቃ መክፈት ይጠቅማል።

7. የደረቅ ዱቄት እሳት ማጥፊያ ከአጠገብዎ አይለይ። የሞተሯ አካል የማግኒዥየም ቅይጥ ነው። እሱ ከተያያዘ ውሃ መርጨት እሳቱን ያብሰዋል። እሳቱ ገና ትንሽ ሳለ ይሞክሩ፤ አልበገር ካለ ትተዋት ይራቁ።

ከዚህ ሁሉ ከባዱ የቱ ነው ቢሉ፣ መካኒኩን መጠየቅ ነው። ሞተር ሲያስወርዱ ላሜራዎቹን ቆጥረው ይስጡ፣ ሲመለስ ቆጥረው ይቀበሉ። መካኒኩ ቢስቅብዎ ይሳቅ፤ ኋላ ወንበር ላይ የሚተኙት የእርስዎ ልጆች ናቸው።

መልካም ጉዞ!