ተጨማሪ መረጃ፦ ሁለቱ ሚያዝያ 27

ከደሴ ተነስቶ የይፋትን ቆላ በሸዋ ሮቢት አቋርጦ፣ የደብረ ሲናን አቀበት ወጥቶ አዲስ አበባ የሚገባውን መንገድ ታውቁታላችሁ። በ1928 ዓ.ም. የኢጣሊያው ማርሻል ባዶሊዮ ጦር የመጣው በዚሁ አቅጣጫ ነው። ከ1,000 በላይ መኪኖቹ ቆላውን ቢያልፉም ከደብረ ሲና አቀበት አናት፣ ጣርማበር ላይ ቆሙ፤ ኢትዮጵያውያን የገደሉን መንገድ በፈንጂ ንደውት ነበር። ወራሪው በዝናብና በጭቃ ውስጥ ድንጋይ እየካበ መንገዱን እስኪጠግን ከአንድ ቀን በላይ ፈጀበት። ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገባ።

ልክ በ5ኛው ዓመት፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በጎጃም አድርገው፣ እንጦጦን ወርደው ወደ መዲናቸው ተመለሱ። ከተማዋ ከጠላት የጸዳችው ቀደም ብሎ መጋቢት 28 ስለነበር፣ ቀኑ በአጋጣሚ የገጠመ አይመስልም። ደርግ የድሉን በዓል ወደ መጋቢት 28 አዛውሮት ነበር፤ ዛሬ የአርበኞች ቀን የሚከበረው ሚያዝያ 27 ነው።

በአንድ ቀን የዋሉ ታሪኮችን ስትሰበስቡ ግን አንድ ነገር እንዳያሳስታችሁ። የዐድዋ ጦርነት የተካሄደበት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በፈረንጆች ማርች 1 ነበር፤ ዛሬ የካቲት 23 የሚውለው ማርች 2 ነው። የጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1900 እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 29ን ዘለለ፤ የእኛ ግን ጳጉሜን 6ን አይዘልም። ስለዚህ ቀኖችን ከማነጻጸራችሁ በፊት ሁሉንም ወደ አንድ አቆጣጠር መልሷቸው።