ለዳታ ቆጣቢ የተሠራ ጫኝ

«ሊኑክስ ያለ ኢንተርኔት አይሆንም፤ ዳታ ይበላል» የሚለውን ሰበብ ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ባሉት ከተሞች ያልሰማ የኮምፒውተር ተማሪ ያለ አይመስለኝም። በእኔ እምነት ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ዳታውን በሜጋባይት እየቆጠረ ለሚገዛ የአዳማ ተማሪ ኡቡንቱና ደቢያን እንደተባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች የሚስማማ አጫጫን የለም። ሥራው ፕሮግራም አውርዶ የሚጭነው የአፕት ነው። «አፕት አፕዴት» ፕሮግራሞቹ የሚወርዱበትን ማከማቻ ዝርዝር ያድሳል፤ «አፕት አፕግሬድ» የተጫኑትን ፕሮግራሞች ያሻሽላል፤ መሠረቱ ይኸው ነው። ቁጠባው ያለው ከሥር ነው። ብዙ ፕሮግራሞች የሚጋሩት ላይብረሪ አንዴ ብቻ ይወርዳል፤ ማሻሻያ ሲመጣለትም ለሁሉም አንዴ ነው። ዊንዶውስ ላይ ግን ብዙው ፕሮግራም የየራሱን ቅጂ ተሸክሞ ይመጣል፤ ማሻሻያውንም ለየብቻው ያወርዳል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የምወደው ግን ሰው የሚዘነጋው አንድ ፎልደር ነው። ሊብረኦፊስን በ«ሱዶ አፕት-ጌት ኢንስቶል» የጫነ ሰው ቫር የሚለውን፣ በውስጡ ካሽን፣ ከዚያ አፕትን፣ ከዚያ አርካይቭስን ቢከፍት የወረዱትን የዴብ ፋይሎች እዚያው ተደርድረው ያገኛቸዋል። ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ አጭሩ ትእዛዝ «አፕት» ጭኖ ሲጨርስ ያጠፋቸዋል፤ ረጅሙ «አፕት-ጌት» ግን ይተዋቸዋል። ይህን ልዩነት የማያስተምር የሊኑክስ ሥልጠና ለእኛ አገር ዋናውን ነገር ዘሎታል። ፋይሎቹን በፍላሽ ገልብጦ ባቱ ባለ ጓደኛ ኮምፒውተር እዚያው ፎልደር ውስጥ ማስገባት ይቻላል። ጓደኛው ዝርዝሩን አድሶ ያንኑ ፕሮግራም ሲጭን፣ አፕት ያለውን ተጠቅሞ የጎደለውን ብቻ ያወርዳል። እትሙ ግን አንድ ይሁን፤ የኡቡንቱ 22.04 ፋይል ለ24.04 አይሆንም። ላብ ላለው ትምህርት ቤት ደግሞ አፕት-ካቸር-ኤንጂ አለ፤ አንዱ ማሽን ያስቀመጠውን ሌሎቹ በውስጥ መስመር ስለሚወስዱ ያው ፋይል ለሠላሳ ኮምፒውተር ሠላሳ ጊዜ አይወርድም።

«ፍላሽ ከተፈቀደ፣ ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ በፍላሽ ቢዞር ምን አለበት?» የሚል ይኖራል። የክራኩን ምንጭ የሚያውቅ የለም፤ ብዙ ጊዜም ማሻሻያው እንዲጠፋ ተደርጎ ነው የሚጫነው። በሜይ 2017 እ.ኤ.አ. ዋናክራይ የተባለው የኮምፒውተር ቫይረስ ዓለምን ሲያዳርስ ማይክሮሶፍት ማሻሻያውን ከሁለት ወር በፊት ለቆት ነበር፤ በብዛት የተመቱት ያልጫኑት ናቸው። «ማከማቻውስ ቢመረዝ?» ይህ ከባድ ጥያቄ ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. ኤክስዜድ በተባለው ላይብረሪ ውስጥ የተደበቀ የኋላ በር ተገኝቷል። ያጋለጠው አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ነው፤ የጠረጠረውም ከርቀት ወደ ኮምፒውተር የሚገባበት ኤስኤስኤች ከወትሮው በግማሽ ሰከንድ ያህል ሲዘገይበት ነው። የተመረዘው እትም የደቢያን የሙከራ ቅርንጫፎች ላይ ደርሶ ነበር፤ የተረጋጋው ላይ ግን አልደረሰም። ማከማቻው እንከን የለውም አልልም፤ አዲስ ነገር ለተራው ተጠቃሚ ከመድረሱ በፊት ብዙ ዓይን የሚያይበት ጊዜ ስላለው ግን ምንጩ ካልታወቀ ፍላሽ ጋር አይወዳደርም።

ስለዚህ በማከማቻው ያለውን ፕሮግራም ከየድረ ገጹ እየለቀማችሁ አትጫኑ፤ ብዙውን ጊዜ ማሻሻያውን የሚያመጣላችሁ አይኖርም። ዴብ ፋይል በፍላሽ ስትቀበሉም ከምታምኑት ሰው ማሽን ብቻ ውሰዱ፤ ከኢንተርኔት በሚወርደው ላይ የሚደረገው የፊርማ ፍተሻ እዚህ ላይ አያስተማምንም።